ኢሞጂ በአማርኛ መልእክት፦ ለማን፣ የት፣ ስንት?

የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሐዘን ማስታወቂያ ይለጠፋል። «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እየተባለ ይቀጥላል። መሃል ላይ አንዲት እናት «ወይኔ ጎረቤቴን 😂😂😂» ብለው ይጽፋሉ። ወጣቶቹ ክው ይላሉ። እናትየው ግን አልቀለዱም። ትንሿ ቢጫ ፊት ላይ እንባ አይተው ነው የነኳት። በዚያ መጠን የሳቅ እንባና የልቅሶ እንባ እንኳን ለእሳቸው ለወጣት ዓይንም ያስቸግራል።

ብዙ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ወይም ይህን የመሰለ ነገር ሳያይ አልቀረም። ታዲያ ኢሞጂ ይቅር ማለቴ አይደለም። ጽሑፍ ፊትም ድምፅም የለውም፤ ኢሞጂ ያንን ክፍተት ይሞላል። እኔ የምከተለው ሕግ አንድ ነው፦ ኢሞጂ የሚመረጠው በላኪው ስሜት ሳይሆን በተቀባዩ ዓይን ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ የወጡ ናቸው።

1. መጀመሪያ ያለ ኢሞጂ ጻፉት

መልእክቱን ጨርሱና አንዴ አንብቡት። ያለ ሥዕል ከተሟላ ሥዕሉ ቢጨመርበት ችግር የለውም። ካልተሟላ የጎደለው ቃል ነው። ቀጠሮ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ነገ 3 ሰዓት እንገናኝ» ለማለት 🕒 የምትልኩ ከሆነ አስቡበት። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ነው የሚመስለው። ዋሽንግተን ያደገው የአጎት ልጅ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ስንት ፊደል ይፈጃል?

ቀጥሎ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ተቀባዩ ይህን በምን ድምፅ ያነበዋል? «እሺ»ን ውሰዱ። ፊት ለፊት ስትባል ድምፁ ይናገራል። በጽሑፍ ብቻዋን ስትመጣ ግን ሰው «ተቀየመኝ እንዴ?» ይላል። «እሺ 😊» ከሆነ ነገሩ አለቀ። «እሺ 😒» ከሆነ ደግሞ ነገር አለ። ኢሞጂ እውነተኛ ሥራ የሚሠራው እንዲህ ሁለት ዓይነት ሊነበብ በሚችል አጭር መልስ ላይ ነው። «እንኳን ተወለድሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ» ከተባለ በኋላ የሚመጣው 🎂🎉🎈 ጌጥ ነው። ጌጥ ነውር የለውም፤ ቢቀርም የሚጎድል ነገር ግን የለም።

ቀልድ ላይ ግን እንደ ግዴታ ቁጠሩት። ነገሩ ራሱ የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 አሜሪካ በሚገኘው ካርኒጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተመራማሪው ስኮት ፋልማን ለባልደረቦቹ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በኮምፒውተር የሚለዋወጡት ቀልድ እንደ ቁም ነገር እየተወሰደ ያጨቃጭቃቸው ነበር። ቀልድ ሲሆን :-) አድርጉበት፣ ላልሆነው :-( አለ። ዛሬም ያው ነው። «አንተ ሰነፍ» ብቻውን ሲላክ ስድብ ነው። «አንተ ሰነፍ 😄» ሲሆን ጨዋታ ነው።

አማርኛ ደግሞ የራሱ መላ አለው። «ሃሃሃ»፣ «ካካካ»፣ «ኧረ ባክሽ»፣ «ወይ ጉድ» ምንም ሥዕል ሳይነካ ድምፁን ያመጡታል። ለታላላቆች ከ🤣 ይልቅ «ሃሃሃ፣ በጣም አሳቁኝ» ይሻላል ባይ ነኝ።

2. ተቀባዩን ለዩ

«አንቱ» ወይም «እርስዎ» ከምትሉት ሰው ጋር አክብሮቱን የሚሸከመው ግሱ ነው። «እንዴት አደሩ ጋሼ» ያለ ሰው ጨዋነቱን ጨርሷል። መጨረሻ ላይ አንድ ❤️ ወይም አንድ 🙏 ይበቃል። አክስታችሁ 😘😘😘 ከላኩላችሁ አትገረሙ። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን በምንሰላለምበት አገር ያ ሰላምታ ነው፤ እናንተም መመለስ ትችላላችሁ። ያንኑ ለአለቃችሁ ብትልኩ ግን ሌላ ወሬ ይሆናል።

💀ን ለሳቅ የሚጠቀሙ ወጣቶች ብዙ ናቸው። በሳቅ ሞትኩ ማለታቸው ነው። እናት ፊት «ሞትኩ» ማለት በራሱ «ምን አፍህን ታሟርታለህ» ያስብላል። የራስ ቅል ሲደርሳቸው ምን እንደሚሉ ገምቱት። 😉ም እንዲሁ ተራ አይደለችም። ጥቅሻ ጥቅሻ ነው። ለትዳር ላለች የሥራ ባልደረባ «ሪፖርቱን ላኪልኝ 😉» ብሎ መጻፍ ቤት ድረስ የሚደርስ ጣጣ አለው።

ለአለቃ ቀላሉ መንገድ መጠበቅ ነው። እሱ ወይም እሷ መጀመሪያ ኢሞጂ ከላኩ፣ እናንተም በዚያው ልክ። ካልላኩ ቃል ብቻ።

በዕድሜ የሚነበበው ነገርም ይለያያል። ለአባታችሁ 👍 «ደርሶኛል፣ በጎ» ነው። ለሃያ ዓመት ልጅ ብቻውን ሲመጣ ግን «በቃ ዝጋው» ሊመስለው ይችላል። 🙂ም ወጣቶች ዘንድ ፈገግታ መሆኗ ቀርቶ ሽሙጥ ሆናለች። እውነተኛ ፈገግታ ከፈለጋችሁ ዓይኗ የሳቀውን 😊 ውሰዱ። ዓረብ አገርና አካባቢው የምትሠሩ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ኢራንና ኢራቅ አካባቢ አውራ ጣት ማሳየት በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ዘንድ ነውር ሆኖ ኖሯል። ለማታውቁት ሰው «ተማም» ብላችሁ ብትጽፉ ምንም አታጡም።

ሃይማኖትም አለ። ለሙስሊም ጎረቤት የኢድ መልእክት ላይ 🌙 ወይም 🤲 ከ🙏 የተሻለ ቦታው ነው። በሁዳዴ ለጿሚ 🍗🍖 የሚልክ ሰው ደግሞ ፈታኝ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ስለ ባንዲራ አንድ ነገር ልበል። የ🇪🇹 ኢሞጂ መሃሉ ላይ ኮከብ አለበት። ልሙጡን የሚፈልጉ 💚💛❤️ ይደረድራሉ። ሁለቱም የፖለቲካ ትርጉም ሊሰጣቸው ይችላል። ሯጮቻችን ባሸነፉ ቀን ማንም ልብ አይልም። በሌላ ቀን፣ በተለይ የሥራ ግሩፕ ላይ፣ ልብ የሚል አይጠፋም። ሆን ብላችሁ ከሆነ መብታችሁ ነው፤ ሳታስቡት እንዳይሆን ነው የምለው።

3. ኢሞጂውን ማግኘት

እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ስልክ ላይ ፈገግ ያለች ፊት ያለችበትን ቁልፍ ንኩ። በጂቦርድ (በጉግል ኪቦርድ) ካጣችኋት የነጠላ ሰረዙን ቁልፍ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ነጥብ አንድ ላይ ሲጫኑ መስኮቱ ይከፈታል። ማክ ላይ ኮንትሮል፣ ኮማንድና ስፔስ አንድ ላይ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ እንቅፋት አለ። በብዙ የአማርኛ ኪቦርድ ሁለት ነጥቡን ስትነኩ የሚወጣው የእኛው ፡ ነው። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ፊደል ነው። ስለዚህ ፡) ብላችሁ ብትጽፉ ወደ ፈገግታ አይቀየርም። ለቅጽበት ወደ እንግሊዝኛ ኪቦርድ ቀይሩ፤ ወይም ኢሞጂውን ከዝርዝሩ ምረጡ።

የእጅና የሰው ኢሞጂዎችን ቆዳ ቀለም ለመቀየር ጫን አድርጋችሁ ያዙ። አምስት ቀለም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጨመረ ነው። ከዚያ በፊት የሰው ፊት ሁሉ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ነበር። አንዴ ከመረጣችሁ ስልኩ ያስታውሰዋል።

4. የሚምታቱትን ለዩ

ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ምክንያቱም አለው። የዛሬዎቹ ኢሞጂዎች ብዙውን መልካቸውን የወረሱት ከጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሺጌታካ ኩሪታ ለጃፓኑ የስልክ ኩባንያ ዶኮሞ 176 ትናንሽ ሥዕሎች አዘጋጀ። እያንዳንዱ ሥዕል ጎኑ 12፣ ቁመቱ 12 ነጥብ ብቻ ነበር። ኢሞጂ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሚጋሩት የፊደላትና የምልክቶች መለያ፣ ገብቶ የዓለም ስልኮች ሁሉ የሚጋሩት የሆነው እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ፊት የሚናገረው በጃፓን የካርቱን ወግ ነው።

😪ን እዩ። እኛ አገር «አለቀስኩ» ለማለት ይላካል። ያቺ ጠብታ ግን እንባ አይደለችም። ከአፍንጫ የምትወጣ አረፋ ናት፤ በጃፓን ሥዕል እንቅልፍ የወሰደው ሰው ምልክት። ለታመመ ጓደኛ «በጣም አዘንኩ 😪» ብላችሁ ከሆነ፣ እንቅልፌ መጣ ብላችኋል። 😤ም በእኛ ዓይን በንዴት የሚተነፍስ ሰው ነው። የተሠራው ግን ለድል ኩራት ነበር። ዛሬ ዓለምም በአብዛኛው ንዴት ነው የሚለው፤ ስለዚህ ለንዴት ብትጠቀሙበት ማንም አይታዘባችሁም።

ለሐዘን 😢 ተጠቀሙ። አንዲት ጠብታ ናት፣ አትምታታም። 😭 ሁለት ጅረት ነው፤ ታላላቆች ለልቅሶ፣ ወጣቶች ደግሞ ለሳቅ ይልኩታል። 😂 መቼም ቢሆን ሳቅ ነው። በሁለቱ መካከል ከተጠራጠራችሁ አፉን እዩ። 😂 ጥርሱ ይታያል። 😅 ላቡ ግንባሩ ላይ ነው፤ «ተርፌያለሁ» ወይም «አፈርኩ» ማለት ነው። «ብሩን ነገ እመልሳለሁ 😅» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ነገ ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

🙏 ለእኛ ምቹ ነው። ምስጋናም፣ ልመናም፣ ጸሎትም ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ግን ከጎኑ ያለው ቃል ይንገረው። «5000 ብር 🙏» ሲባል ልካችሁልኝ ተቀበልኩ ነው ወይስ ላኩልኝ?

አትክልትና ፍራፍሬ የምትሸጡም ስሙ። 🍆 እና 🍑 በኢንተርኔት ዓለም የብልግና ትርጉም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአይፎን ሠሪው አፕል ኮኩን (🍑) እውነተኛ ፍሬ አስመስሎ ለመሳል ሞክሮ ነበር። ሰው በሙከራ ሥሪቱ ላይ ጮኸበት። ኩባንያው ቅርጹን መለሰው። የደበርጃን ማስታወቂያችሁ ሥር ወጣቶች ለምን እንደሚስቁ ግራ ከገባችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ፎቶውን አንስታችሁ ለጥፉ፤ ይሻላል።

5. ሐዘን ላይ

እዚህ ትንሽ ልቆይ። ሌላው ቦታ ስህተት ያስቃል፤ እዚህ ግን ያስቀይማል።

መጀመሪያ መርዶ። በእኛ ልማድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ቅርብ ሰዎች ማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ሟቹን የሚወድ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ። ስልክ ይህን ሰብሮታል። አንዱ ፎቶ ይለጥፍና 🕊️💔 ብቻ ያደርግበታል። ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለች እህት ሥራ ቦታዋ ላይ ሆና ታየዋለች። የእናቷ ፎቶ ከተሰበረ ልብ ጋር። ቃል እንኳ አላስፈለገም። ስለዚህ ቤተሰቡ ራሱ ይፋ እስኪያደርግ ድረስ ምንም አትለጥፉ። ስቴተስ ላይ ጥቁር ልብም ቢሆን፤ የአገራችን ሰው ጥቁር አይቶ ዝም አይልም። «ምን ሆናችሁ?» ብሎ መደወል ይጀምራል፣ ወሬውም ይወጣል።

ይፋ ከሆነ በኋላ ቃሉ ይቅደም። «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ ለሙስሊም ቤተሰብ «አላህ ይርሐማቸው»። ከዚያ ብትፈልጉ አንድ ነገር፦ 🖤፣ 🕊️ ወይም 🕯️። ሻማው ለክርስቲያን ቤተሰብ ነው፤ ለሙስሊም 🤲 ይሁን። የፊቶቹን ኢሞጂ ሁሉ ብትተዉ ምክሬ ነው። የሚያለቅስ ፊት ትልቅ ሐዘን ላይ የሕፃን ጨዋታ ይመስላል።

ፌስቡክ ላይ የባሰ ወጥመድ አለ። የመውደድ ቁልፉን ጫን ስትሉ የሚመጡት ፊቶች ጎን ለጎን ናቸው። የሚስቀውና የሚያዝነው አይራራቁም። ጣት ትንሽ ከተንሸራተተ ስማችሁ ከሳቅ ፊት ጋር ተለጥፎ ይቀራል። ባለሐዘኑ ሲያመሽ ዝርዝሩን ከፍቶ ያያል። የሐዘን ማስታወቂያ ላይ ፊት መምረጥ ትታችሁ ሁለት ቃል ጻፉ።

ደግሞም ለቅሶ መድረስ የሚቻል ከሆነ ሂዱ፤ ካልተቻለ ደውሉ። 🕊️ ልኮ የተቀመጠ ጎረቤት ድንኳን ውስጥ አልታየም ተብሎ መቆጠሩ አይቀርም።

6. ሥራና ገንዘብ ላይ

በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት አንድ ገበሬና አንድ እህል ገዢ ኩባንያ ተካሰው ነበር። ኩባንያው የ87 ቶን ተልባ ውል ፎቶ በስልክ ልኮ «ውሉን አረጋግጥልኝ» አለው። ገበሬው 👍 መለሰ። ተልባው አልመጣም። ገበሬው «መልእክቱ ደርሶኛል ማለቴ ነበር» አለ። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2023 ያ አውራ ጣት ስምምነት ነው ብለው ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚውም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አጸናው። ሁለቱ ወገኖች ቀድሞም በአጭር የስልክ መልስ ይስማሙ ስለነበር ያ ከበደበት።

የኛ ፍርድ ቤት ምን ይላል የሚለውን ለጠበቃ ተዉት። እናንተ ግን ዋጋ፣ ውል ወይም የቤት ኪራይ የተጻፈበት መልእክት ላይ 👍 ወይም 👌 አታድርጉ። «ደርሶኛል፣ ገና አላነበብኩትም» ብላችሁ ጻፉ። ከተስማማችሁም «በ18,000 ብር ተስማምቻለሁ» በሉ። ደላላ መሃል ካለ ይህን ሁለት ጊዜ አስቡበት።

ቴሌግራም ላይ ለምትሸጡ፦ ኢሞጂ መስመር መለያ ሲሆን ይጠቅማል። 📍 ከአድራሻ በፊት፣ 📞 ከስልክ በፊት፣ ✅ ከዕቃው ዝርዝር በፊት። ገዢ በፍጥነት ያገኘዋል። 🔥🔥🔥‼️‼️ ግን አይሸጥም። ዋጋውን ጻፉት፤ «በውስጥ መስመር» እያላችሁ ሰው አታድክሙ። ይሄ የኢሞጂ ጉዳይ ባይሆንም ካነሳሁት ይባል። የሥራ ማመልከቻና ሲቪ ላይ ምንም።

7. ግሩፕ ውስጥ

የእድር ጸሐፊ «ስብሰባ እሑድ 8 ሰዓት ነው» ይላል። መቶ ሰው «እሺ 🙏» ብሎ ይጽፋል። የመቶ ሰው ስልክ መቶ ጊዜ ይጮኻል፤ አዲስ የመጣ ሰው ዋናውን መልእክት አያገኘውም። መፍትሔው መልእክቱ ላይ ራሱ ምልክት ማድረግ ነው። ጫን አድርጋችሁ ያዙና አንዱን ምረጡ። ቴሌግራም ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው፤ ዋትስአፕ በ2022። ቴሌግራም ላይ ሁለቴ መታ ማድረግም ይበቃል፤ ቀድሞ የተመረጠው ምልክት ይወጣል። እሱን በሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቀይሩት። ሁለቴ መታ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ነውና ለሁሉም የሚሆን ምልክት ቢሆን ይመረጣል።

ድርድራቱን በተመለከተ፣ ተመሳሳይ ኢሞጂ ሦስት ጊዜ መደጋገም ገደቡ ይሁን። ለዚህ ጥሩ ምክንያት አለ። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልካቸው ጽሑፉን በድምፅ ያነብላቸዋል። ኢሞጂንም በስሙ ይጠራዋል። አሥር ልብ ስትደረድሩ «ቀይ ልብ፣ ቀይ ልብ፣ ቀይ ልብ…» እየሰሙ ይጠብቃሉ። ኢሞጂውን መሃል ሳይሆን መጨረሻ ላይ አድርጉ። ቃልን በሥዕል አትተኩ።

8. ኤስኤምኤስ ከሆነና ስልኩ የቆየ ከሆነ

ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን 70። አንድ ኢሞጂ ገባ ማለት የላቲኑም ወደ 70 ይወርዳል። በላቲን 150 ፊደል ጽፋችሁ መጨረሻ ላይ አንዲት 😊 ብትጨምሩ፣ አንድ የነበረው መልእክት ሦስት ይሆናል። ሂሳቡም እንደዚያው። በአማርኛ ፊደል ለሚጽፍ ይህ ቅጣት የለም፤ ቀድሞውንም 70 ላይ ነው። ኢሞጂዋ ግን የሁለት ፊደል ቦታ ትይዛለች። በኤስኤምኤስ ብዙ ሰው የምትጠሩ ከሆነ፣ የሠርግ ጥሪም ይሁን የማኅበር፣ ተዉት። በላቲን ከጻፋችሁ ግን :) ችግር የላትም፤ የሁለት ፊደል ቦታ ብትይዝም ገደቡን ከ160 አታወርድም፣ የትኛውም ስልክ ላይ ትነበባለች።

የቆየ ስልክ አዲስ ኢሞጂ ሲደርሰው ባዶ ሳጥን ያሳያል። አያታችሁ «ይሄ አራት ማዕዘን ምንድነው?» ካሉ ይህ ነው። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የአገር ባንዲራ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ በቦታው ሁለት የላቲን ፊደል ይመጣል። ሥዕሉም ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ሽጉጡን የውኃ መጫወቻ ሲያደርገው፣ ሌሎች ስልኮች ላይ ገና እውነተኛ ሽጉጥ ነበር። አንዱ ለጨዋታ የላከው ሌላው ጋ ማስፈራሪያ ሆኖ ይደርስ ነበር።

9. የተሳሳተው ከሄደ

ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ጫን ብላችሁ ማስተካከያውን ምረጡ። እስከ 48 ሰዓት ይፈቅዳል። ዋትስአፕ የሚፈቅደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ካለፈ ለሁሉም አጥፉትና እንደገና ጻፉ። ያደረጋችሁት ምልክት ከሆነ ያንኑ መልሳችሁ ስትነኩት ይጠፋል። ሆኖም የሰውየው ስክሪን ላይ ማሳወቂያው ቀድሞ ብቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ አታጥፉ፤ «ይቅርታ፣ ጣቴ ነው» የምትል መስመር ጨምሩ። ኤስኤምኤስ ከሆነ የሚመለስ ነገር የለም፤ ደውሉ።